በአሜሪካ የወንጀል ፍትሕን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ የአገራችን ልጆች ለኮሌጅ የሚያመለክቱበት ወቅት ሲደርስ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ይህን ትምህርት እኔም ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃቸውን ሰዎች በሚከታተል መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤትና በስልክ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

“ክሪሚናል ጀስቲስ” የሚባለው ትምህርት በትክክል ምንድን ነው?

መንግሥት ወንጀል ፈጽሟል ያለውን ሰው ከያዘበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ሰውየው ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ እስከሚመለስበት ቀን ድረስ ያለውን መንገድ የሚያጠና ትምህርት ነው። በመንገዱ ላይ ሦስት ትልልቅ ተቋማት አሉ፦ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት። ተማሪው እያንዳንዳቸው በምን ሕግ እንደሚመሩ፣ ሥልጣናቸው የት እንደሚያበቃና በሥራቸው ላይ በእርግጥ ምን እንደሚያደርጉ ይመረምራል።

ዘርፉ ረጅም ዕድሜ የለውም። የበርክሊ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፖሊስ ኮሌጅ ገብቶ ይማር ሲል ሐሳቡ እንግዳ ነበር። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1935 ፕሮግራሙን ጀመረ፤ ኒውዮርክ ያለው ጆን ጄይ ኮሌጅ ደግሞ በ1964 ተቋቋመ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1967 ፖሊሶች ከፍተኛ ትምህርት እንዲኖራቸው መከረ፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ለዚሁ የፌዴራል ገንዘብ ሲመድብ ትምህርቱ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። መነሻው ለፖሊስ ስለነበረ ዛሬም ብዙ ወላጅ “የፖሊስ ትምህርት” ይለዋል። ዛሬ ግን ከክፍሉ ተማሪዎች ብዙዎቹ ፖሊስ የመሆን ሐሳብ የላቸውም።

ልጄ ይህን ተምሮ ጠበቃ ይሆናል?

በዚህ ዲግሪ ብቻ አይሆንም። ይህን በግልጽ የምናገረው ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ ሲያውቁት ዕንባ የሚቀድማቸው ልጆች ስላየሁ ነው።

በኢትዮጵያ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሕግ ትምህርት ቤት ተመድቦ በመጀመሪያ ዲግሪው የሕግ ባለሙያ ሆኖ ይወጣል። አሜሪካ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ በማንኛውም ዘርፍ የአራት ዓመት ዲግሪ ይያዛል፤ ቀጥሎ በአብዛኛው ኤልሳት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ይመጣል፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ሕግ ትምህርት ቤት፤ በመጨረሻም የግዛቱ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና። ሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን ወይም ያን ዘርፍ ካልተማርህ አንቀበልህም አይሉም። የሚያዩት ውጤትን፣ የፈተና ነጥብንና የጽሑፍ ችሎታን ነው። ስለዚህ የልጅዎ ግብ ጥብቅና ብቻ ከሆነና ልቡ ወደ ታሪክ ወይም ወደ ፍልስፍና ካዘነበለ፣ እዚያ ገብቶ ጥሩ ውጤት ቢያመጣ እኔ የተሻለ ነው እላለሁ። የወንጀል ፍትሕን ይማር የምለው ጉዳዩ ራሱ ለሚከነክነው ልጅ ነው።

ከክሪሚኖሎጂና ከፎረንሲክ ሳይንስ በምን ይለያል?

ክሪሚኖሎጂ ሰው ለምን ወንጀል ይፈጽማል የሚለውን ይጠይቃል። የወንጀል ፍትሕ ደግሞ ከተፈጸመ በኋላ መንግሥት ምን ያደርጋል የሚለውን ይከተላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ ክፍል ያስተምራሉ፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅ ፓርክ እንዲህ ያደርጋል። በቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ “ክሪሚኖሎጂ፣ ሕግና ኅብረተሰብ” ብሎታል። ፎረንሲክ ሳይንስ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደምና ዲኤንኤ ልመርምር የሚል ልጅ የወንጀል ፍትሕ ክፍል ተመዝግቦ ጊዜውን እንዳያባክን።

በአራቱ ዓመት ምን ይማራሉ?

ዲግሪው በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንደ ማንኛውም ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሶሲዮሎጂና ሥነ ልቦና ነው። ከዚያ በኋላ የወንጀል ሕግ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ፖሊስና ኅብረተሰብ፣ የማረሚያ ሥርዓት፣ የወጣት አጥፊዎች ፍትሕ፣ የጥናት ዘዴ፣ ስታቲስቲክስና የሙያ ሥነ ምግባር ይመጣሉ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች አማካይነት ነው፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ከኋላው አንድ ሰው አለው። በ1961 በፍሎሪዳ፣ በፓናማ ሲቲ ከተማ፣ ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ድሃ ሰው አንድ የቢሊያርድ መጫወቻ ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ገንዘብ የለኝምና ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ ዳኛውን ለመነ። የግዛቱ ሕግ የሞት ቅጣት ለሚያስከትል ክስ ካልሆነ አይፈቅድም ተባለ። ራሱ ተከራክሮ ተረታ፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጽፎ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። ፍርድ ቤቱ በ1963፣ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ጊዲዮን ጠበቃ ከጎኑ ቆሞ ዳግመኛ ሲዳኝ ጁሪው፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ አንድ ሰዓት ያህል ተማክሮ ነፃ ለቀቀው። ያ የእርሳስ ጽሑፍ ፎቶግራፉ በመማሪያ መጽሐፌ ላይ ነበር፤ ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ግን ተራው የተጠበቀ።

ከዚያ የ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ ይመጣል፦ ዝም የማለት መብት። ይህን ሳነብ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥሁት። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1991 ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰው ጉዳይ በጥቅሉ በ48 ሰዓት ውስጥ በዳኛ ይታይ ብሏል። ቁጥሩ አንድ ዓይነት መሆኑ አስገረመኝ። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ዞረብኝ፦ በወረቀት የሰፈረው 48 ሰዓት በጣቢያው ሰዓት ስንት ሆኖ ይቆጠራል? ፖሊሱ፣ የጣቢያው መዝገብ ያዥና ዳኛው በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ያደርጋሉ? የዚህ ዲግሪ ጥቅም ይህን ለመመርመር የሚያስችል ዓይን መስጠቱ ይመስለኛል።

ተማሪዎች የሚሸሹት ስታቲስቲክስን ነው። እባካችሁ አትሽሹ። የወንጀል ቁጥር እንደ ሙቀት መለኪያ አንብበው የሚያልፉት ነገር አይደለም። የፌዴራሉ የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ከ1930 ጀምሮ የሚሰበስበው ለፖሊስ የተነገረውን ብቻ ነው። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ቤት ለቤት ሰዎችን “ተሰርቃችኋል ወይ? ተመትታችኋል ወይ?” እያለ የሚጠይቅ ሌላ ጥናት አለ፤ እሱ የሚያወጣው ቁጥር ከፖሊሱ እጅግ ይበልጣል። ሱቁ ተሰብሮ “ምን ዋጋ አለው” ብሎ ያልደወለ የአገራችን ሰው ከመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ የለም። ኤፍቢአይ በ2021 አሠራሩን ሲለውጥ ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ወደ አዲሱ ስላልተሻገሩ የዚያ ዓመት ቁጥር ትልቅ ክፍተት ነበረበት። ይህን የማያውቅ ሰው በምርጫ ሰሞን “ወንጀል ጨመረ፣ ወንጀል ቀነሰ” እየተባለ እንደ ልብ ይነዳል።

ተግባራዊ ልምምድ አለው?

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አለ። በፖሊስ ጣቢያ፣ በዐቃቤ ሕግ ወይም በተከላካይ ጠበቆች ቢሮ፣ በወጣቶች ማቆያ አንድ ሴሚስተር ይሠራል። ግዴታ ባይሆንም እንኳ እንዳይታለፍ።

እኔ ከልምምዱ በፊት፣ በሦስተኛው ዓመቴ፣ ፍርድ ቤት ተቀምጬ የታዘብሁትን እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ዳኛዋ ፋይል ታነሣለች፣ ስም ይጠራል፣ ሰው ይቆማል፣ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ ስም። ከተጠሩት አንዱ ፀጉሩ የሸበተ የአገሬ ሰው ነበር፤ ለቅዳሴ የሚለበሰውን ኮቱን ለብሶ መጥቷል። እንግሊዝኛ ትችላለህ ወይ ሲባል “የስ” ስላለ አስተርጓሚ አልተጠራለትም። ዳኛዋ መብቶቹን ስታነብለት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እጁን ከፊቱ አጣምሮ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ራሱን ይነቀንቃል። ከንፈሩን አየሁት፤ እሺ፣ እሺ ነው የሚለው።

እሺ በእኛ ዘንድ “ሰማሁ፣ አከበርሁ” ማለት ነው፤ ገባኝ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ተስማማሁም ላይሆን ይችላል። በሹም ፊት ዓይንን መስበርም ለእኛ ጨዋነት ነው። ጉዳዩን ለማያውቅ ግን አንድ ነገር የሚደብቅ ሰው ይመስላል። በዚያ ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከጻፍሁት ሁሉ ትርጉም የነበረው ያ አንድ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በክፍል የተማርሁት የ2010ሩ የፓዲያ ውሳኔ የገባኝ። ሆሴ ፓዲያ በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ግን ዜጋ አልነበረም፤ ቋሚ ነዋሪ ነበር። ማሪዋና ጭነሃል ተብሎ ኬንታኪ ውስጥ ሲከሰስ ጠበቃው “እዚህ ብዙ ስለኖርህ ለመኖሪያ ፈቃድህ አትስጋ” አለው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነ፤ የእምነት ቃሉ ግን ከአገር የሚያስባርር ሆኖ ተገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የእምነት ቃሉ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ራሱ ፍርድ ቤቱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ 97 ከመቶው፣ በግዛቶች 94 ከመቶው የሚገኘው በክርክር ሳይሆን በእምነት ቃል ነው። እንግዲህ ያንን “እሺ” በዚህ ቁጥር ውስጥ አስቡት።

ፖሊስ ለመሆን ይህ ዲግሪ ግዴታ ነው?

አይደለም። በአገሪቱ ወደ 18,000 የሚጠጉ የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ መስፈርት አለው። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይበቃቸዋል፤ የተወሰነ የኮሌጅ ክሬዲት ወይም የውትድርና አገልግሎት የሚጠይቁም አሉ። ማንም ቢሆን ከተቀጠረ በኋላ አካዳሚ ይገባል፤ ዲግሪ አካዳሚን አይተካም። የሚጠቅመው በኋላ ለማዕረግ ዕድገት ነው።

ኤፍቢአይም ቢሆን ይህንን ዘርፍ ለይቶ አይፈልግም። ለልዩ መርማሪነት የሚቀጠር ሰው የአሜሪካ ዜጋ፣ ዕድሜው 23 የሞላና 37 ያልሞላው፣ ዲግሪ ያለውና በአብዛኛው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያካበተ መሆን አለበት። የሒሳብ ባለሙያ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ቋንቋ አዋቂ ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ወጣቶችን ዲግሪውን ብቻውን አትያዙት የምለው፤ ከጎኑ አካውንቲንግ፣ መረጃ ትንተና ወይም ሌላ ቋንቋ ጨምሩበት።

ታዲያ ሌላው ተመራቂ የት ይሠራል?

እኔ የምሠራበት አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት አንድን ሰው ከማሰር ይልቅ በቅድመ ሁኔታ ሊለቀው ይችላል፤ በአገራችን ሕግ ገደብ የምንለው ዓይነት ነው። ታስሮ ቅጣቱን ሳይጨርስ የሚወጣው ደግሞ በአመክሮ ይባላል። ሁለቱንም የሚከታተሉ መኮንኖች አሉ፤ በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። ሥራው በፊልም እንደሚታየው አይደለም። ግማሹ መጻፍ ነው፦ ሰውየው ሥራ አገኘ ወይ፣ ሕክምናውን ጀመረ ወይ፣ ለምን ቀጠሮ ቀረ። ዳኛው በእኔ አንድ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ሊያስረው ይችላል። አውቶቡስ አምልጦት የዘገየና ሆን ብሎ የቀረ ሰው በወረቀት ላይ አንድ እንዳይሆኑ ቃል መምረጥ አለብኝ።

ሌሎች ክፍል ጓደኞቼ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት፣ በተጎጂዎች ድጋፍ፣ በተከላካይ ጠበቆች ቢሮ መርማሪነት፣ በጉምሩክና በድንበር ጥበቃ ይሠራሉ። ባንኮችም የማጭበርበርና የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ቁጥጥር ክፍላቸው ውስጥ ይቀጥራሉ፤ ይህን ወላጆች አያውቁትም።

ስለ አስተርጓሚነትም እጠየቃለሁ። ለዚያ ይህ ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ የግዛት ፍርድ ቤቶች የራሳቸው የብቃት ፈተና አላቸው። ሆኖም “ክሱ ተነሣ”፣ “ክሱ ተዘጋ” እና “ነፃ ተባለ” ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልተማረ ሰው ሲያስተረጉም መስማት ያማል። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት ዋና ዋና የመንግሥት ሰነዶች በአማርኛ ይታተማሉ፤ ሁለቱን ቋንቋ ከነሥርዓቱ የሚያውቅ ሰው አሁንም ጥቂት ነው።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። የመጣሁት በተማሪ ቪዛ ነው። ልማር?

ለግሪን ካርድ ባለቤት ትምህርቱም የፌዴራል የትምህርት ድጋፉም ክፍት ነው። ሥራው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። የፌዴራል ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች እንደየግዛቱ ናቸው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ የሥራ ፈቃድ ያለው ዜጋ ያልሆነ ሰው ፖሊስ እንዲሆን ፈቅዳለች። አብዛኛው ሰው በትምህርቱ ዘመን አምስት ዓመቱ ሞልቶ ለዜግነት ስለሚያመለክት ይህ ብዙ አያስጨንቅም።

በተማሪ ቪዛ ለመጣ ሰው ግን ልቤ እየከበደኝ አስብበት እላለሁ። ከተመረቁ በኋላ የሚፈቀደው የሥራ ጊዜ በአብዛኛው 12 ወር ነው፤ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ተመራቂዎች የሚሰጠውን የ24 ወር ጭማሪ መደበኛው የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ አያስገኝም። በዚህ መስክ ዋናው ቀጣሪ ደግሞ መንግሥት ነው።

ስለ “ባክግራውንድ ቼክ” (ከመቀጠር በፊት ስለሚደረግ የኋላ ታሪክ ምርመራ) ብዙ ይወራል። ምንድን ነው የሚያዩት?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ወጣት ካለ ይህን ያንብብ። በዚህ ሙያ ሰውን ከበር የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ውጤት አይደለም፤ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ የኖረው ኑሮ ነው። የመንጃ ፈቃድ ቅጣት፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ፣ የቀድሞ አሠሪና ጎረቤት ይጠየቃሉ። ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የውሸት መመርመሪያም ይጠቀማሉ።

ማሪዋና ለአዋቂዎች በዲሲ ከ2015፣ በቨርጂኒያ ከ2021፣ በሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ በተወሰነ መጠን መያዝ አያስቀጣም። በፌዴራል ሕግ ግን ቁጥጥር ያለበት ዕፅ ነው፤ የፌዴራል ቀጣሪም ይጠይቅበታል። “ዲሲ ውስጥ ተፈቅዷል” የሚለው መልስ አያድንም።

ጫትም እንዲሁ ነው፤ ይህን በግልጽ የሚነግራቸው ሰው ያጡ ልጆች አሉ። በአገራችን በቡና ሰዓት የሚቃም ቅጠል በመሆኑ ብዙዎች እንደ ዕፅ አይቆጥሩትም። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በአሜሪካ ሕግ ሄሮይን ባለበት የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ ተመዝግቧል። ከዘመድ ጋር ተቀምጦ መቃም፣ ከአገር ቤት የተላከ ዕቃ መቀበል፣ ሁለቱም ጥያቄ ያስነሣሉ።

ለእኛ ብቻ የሚሆን ሌላ ችግር አለ። ስማችን የአባት ስም ስለሆነ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ መጨረሻ ስም ይኖራቸዋል። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲለወጥ ተሳስቶ በአንዱ ሰነድ አንድ ዓመት፣ በሌላው ሌላ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ብዙ ነው። የእቁብ ዕጣ ወጥቶልህ በአንድ ቀን ባንክ ያስገባኸው ገንዘብም ማስረዳት ይጠይቃል። እነዚህ ጥፋት አይደሉም፤ ውጭ አገር ዘመድ መኖሩም ጥፋት አይደለም። የፌዴራሉ የደኅንነት መጠይቅ ግን ዘመዶችን፣ ጉዞዎችንና የኖሩበትን አድራሻ ሁሉ ወደ ኋላ ዓመታት ቆጥሮ ይጠይቃል። ልጆች ከአሁኑ ደብተር ይያዙ፦ የት መቼ ኖርሁ፣ መቼ አገር ቤት ሄድሁ፣ መቼ ተመለስሁ። ያጠፉት ነገር ካለም እውነቱን ይናገሩ። ይህን ሥራ ሲያጡ ካየኋቸው መካከል ካጠፋው ይልቅ የደበቀው ይበዛል።

ወጪውን እንዴት እንቀንስ?

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር። እኔም በዚያ ነው የጀመርሁት። ኖርዘርን ቨርጂኒያና ሞንትጎሜሪ ኮሌጅ በዚሁ ዘርፍ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይቻላል። ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ወደ ጆርጅ ሜሰን አድቫንስ የሚባል የተያያዘ መንገድ አለ። ከመመዝገብ በፊት ግን የሚቀበለውን ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ግድ ነው። የተማርኩት ሁሉ ይቆጠርልኛል ብዬ ሁለት ኮርስ በከንቱ የከፈልሁት አማካሪው የነገረኝን ሳላጣራ ስላመንሁ ነው።

በማስታወቂያ ከሚጣሩ ለትርፍ የተቋቋሙ ኮሌጆች ተጠንቀቁ። በ2012 የኢሊኖይ ዋና ዐቃቤ ሕግ ዌስትውድ ኮሌጅን ከስሳ ነበር፤ የወንጀል ፍትሕ ተማሪዎቹ ፖሊስ እንደሚሆኑ ተስፋ ተሰጥቷቸው፣ ዲግሪያቸውን ግን ዋና ዋናዎቹ የፖሊስ ቀጣሪዎች አይቀበሉትም ነበር። ኮሌጁ በ2016 ተዘጋ፤ ልጆቹ ለዓመታት ከዕዳቸው ጋር ቀሩ። ስለዚህ ስለ ክፍያው ከመጠየቃችሁ በፊት የትምህርት ቤቱ ዕውቅና ከማን እንደተሰጠ ጠይቁ።

38 ዓመቴ ነው፤ አልረፈደም?

ለትምህርቱ አልረፈደም። ለብዙ የፌዴራል የሕግ ማስከበር ቦታዎች ግን 37 ዓመት ከመሙላት በፊት መቀጠርን ስለሚጠይቁ ያ በር ተዘግቷል። የካውንቲ፣ የግዛት፣ የፍርድ ቤትና የባንክ ሥራዎች በአብዛኛው ይህ ገደብ የላቸውም። የእኔ ክፍል ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ተማሪ ከሁላችን የተሻለ ይጽፍ ነበር።

ቤተሰቦቼ “ከወንጀለኛ ጋር ልትውይ ነው?” ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?

እህቴ፣ እናትሽ የምትፈራው ለአንቺ ነው፤ በክርክር አትርቺያት። አንድ ነገር ጠይቂያት፦ ጎረቤት ልጅ ሲታሰር ቤተሰቦቹ በስልክ የሚያለቅሱት ለማን ነው? ዋስትና ምን ያህል ነው፣ መቼ ይቀርባል፣ ጠበቃው ምን ማለቱ ነው የሚለውን የሚያስረዳ ሰው ሲጠፋ የማንን በር ያንኳኳሉ?

ደግሞም ፍርድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ በቁራኛ ተያይዘው፣ ዳኛ ፊት አብረው ይሄዱ ነበር። ሌባ ሲጠፋ አገሬው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ይመክር ነበር። “በሕግ አምላክ!” የተባለ ሰው መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ይህን ለእናትሽ አንሺላት፤ ከእኔና ከአንቺ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ ጨዋታው ሲጀመር ፍርሃቱ ይለዝባል።

ተምሬ ኢትዮጵያ ተመልሼ ልሠራበት እችላለሁ?

በዳኝነትና በዐቃቤ ሕግነት አይደለም፤ እነዚያ የሕግ ዲግሪ ይፈልጋሉ። በጥናት፣ በፖሊስ ሥልጠና፣ በማረሚያ ቤት አያያዝና በወጣት አጥፊዎች ጉዳይ ግን የሚሠራ ብዙ አለ። የምትመለሱ ከሆነ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንን እዚህ እያላችሁ አንብቡ፤ ይህኛው ዓመት በራሳችን አቆጣጠር ነው። ምን ዓይነት ተግባር እንደሚቀጣና ለምን እንደሚቀጣ ካነበባችሁ በኋላ የአሜሪካን ሕግ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

ከመመዝገቤ በፊት ምን ላድርግ?

አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሄደህ ተቀመጥ። የወንጀል ችሎት በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ፈቃድ አያስፈልግም። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ ስልክ የሚያስቀምጡ ፍርድ ቤቶች ስላሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ሂድ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀጠሮዎች የሚታዩበት ችሎት የትኛው ነው ብለህ መረጃ ክፍሉን ጠይቅ፤ ከክርክሩ ይልቅ እዚያ ብዙ ሰው ታያለህ። ሲጠራ የሚቆመውን ሰው ብቻ ሳይሆን ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትንም እያቸው፤ ልጅ ታቅፋ የመጣችውን፣ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር የመጣውን። ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ ስትወጣ ሌላም ቀን መምጣት ካሰኘህ፣ በዚያው ሳምንት ማመልከቻህን ሙላ።